ያልሄዱበት ጥሪ፦ የአቶ ሳይለስ ትሬገር የሕይወት ታሪክ

አቶ ሳይለስ ትሬገር ከወርቅ ቆፋሪው ከአቶ ጆሳያ ትሬገርና ከወይዘሮ ታምሲን ፔንሮዝ እ.ኤ.አ. በ1861 ባላራት ውስጥ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ተምረው፣ በ1883 በፖሊስነት ተቀጥረው በቪክቶሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ ተመደቡ። በ1888 ወይዘሮ ኢዲት ላቬልን አግብተው ሦስት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ፈረሳቸውን ከልጆቻቸው አብልጠው ያሞላቅቁ እንደነበር ባለቤታቸው ዛሬም አይክዱም።

ከጣቢያቸው የሁለት ሰዓት ግልቢያ ርቆ፣ የጥንት ቀያሾች መስመሩን ስተው በማስመራቸው ቪክቶሪያና ሳውዝ አውስትራሊያ የሚጨቃጨቁበት ቀጭን መሬት ነበር። ከዚያ አቤት ባይ ሲመጣ፣ የሁለቱም ወገን ፖሊሶች ወደ ሌላኛው መላክ ልማዳቸው ነበር። በሰኔ 1893፣ ዝናብ ሲወርድ ከቀትር በኋላ፣ ወይዘሮ ኖራ ሚሃን ከዚያ መሬት መጥተው የአቶ ሳይለስን በር አንኳኩ።

«ባሌን ወንድሙ በጥይት መታው። ፈረስዎን ይጫኑና ይድረሱልኝ» አሏቸው።

«እሱ መሬት ክርክር ላይ ነው፣ እመቤቴ። ምዕራቦቹ ጋ፣ ሳውዝ አውስትራሊያዎቹ ጋ ይሂዱ» አሉ አቶ ሳይለስ።

የምዕራቦቹ ፖሊሶች በማግስቱ ከሰዓት ሲደርሱ ባላቸውን አቶ ዴኒስ ሚሃንን ሞተው አገኟቸው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሳይለስ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ተነሥተው በሩን ይከፍቱ ነበር። ደጅ ማንም የለም። መሬቱ የምዕራቦቹ ነው ይባል ዘንድ ብቻ ጸለዩ። በ1911 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለቪክቶሪያ ፈረደ። ይግባኙ ለንደን ደርሶ በ1914 ፍርዱ ሲጸና፣ በዚያው ሳምንት የደንብ ልብሳቸውን አስረከቡ። «የእኛው ሰው ነበር» አሉ። አንዲት መጽናኛ ግን ቀረቻቸው፤ «ወዲያው ነው የሞተው፤ ብሄድም አልደርስም ነበር» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ኖራን ለመጠየቅ ግን አንድም ቀን አልደፈሩም።

በሳንባ ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ነሐሴ 9 ቀን 1927 አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ይህ ታሪክ ሳይሸፋፈን በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለወይዘሮ ኖራ ተልኮ ነበር። «ወዲያው» የሚለውን ሰርዘው፣ «በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው የሞተው። እስከዚያ ፖሊሱ መጣ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር» ብለው ጽፈው መለሱት። እኛ ልጆቻቸው የአቶ ሳይለስን ቃል መለወጥ ስላልቻልን የወይዘሮ ኖራንም ከሥሩ አተምነው። አባታችን ይህን ሳይሰሙ በማረፋቸው ደስ ብሎናል፤ ደስ ስላለንም አፍረናል።

መሐሪው አምላክ አቶ ዴኒስን አስቀድሞ፣ ከእሳቸውም ቀጥሎ አባታችንን ያሳርፍ።