ባርባ ፍራኔ ለምን ዞሩ?

ስንዱዬ፣

ትናንት እዚህ ክሮኤሺያ፣ ደሴቱ ላይ፣ የጀልባ ክለቡ የፀደይ ውድድር ነበር። እኔም በባርባ ፍራኔ ጀልባ ላይ የሸራ ገመድ ያዥ ሆንኩልሽ። ባርባ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ጊዜ ተወዳድረው አንዴም አላሸነፉም። ሐኪማቸው ደግሞ ከዘንድሮ ወዲያ በቃዎት ብሏቸዋል።

የመጨረሻውን ተንሳፋፊ ምልክት ስንታጠፍ የምንመራው እኛ ነበርን። ታዲያ የጀልባችን ጎን ምልክቱን ላስ አደረገው! በሕጋቸው የነካ ሰው ጀልባውን እዚያው አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ነው የሚቀጥለው። ከሁለታችን በቀር ያየ የለም፤ እኔም ጭጭ አልኩ። እኛ ሰፈር ኳስ እጁን ነክቶት ዳኛ ያላየው ልጅ መቼ ተናግሮ ያውቃል?

«ገመዱን ልቀቂው፣ እንዞራለን» አሉኝ።

«ባርባ፣ ማንም አላየም እኮ!»

«አንቺ አይተሻል። አንቺ ካየሽ ደግሞ አገር አየ ማለት ነው።»

ዞርን። ሦስት ጀልባ አለፈንና አራተኛ ወጣን። ወደቡ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዋንጫው አፍንጫህ ስር ሲደርስ ነው ጭፈራ ያማረህ?» ብለው አኮረፏቸው። እሳቸው ምክንያቱን ሳይነግሯቸው ሸራቸውን አጠፉ።

ዛሬ ጠዋት ግን ከተማው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፤ ማን እንደነገረው አትጠይቂኝ። ወይዘሮ ማሬ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቀና ብለው፣ «የዞረው የእኔው ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እትዬ አልጋነሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

ምንትዋብ