ገብረየስ ሳይተኛ የነዳው ተሳቢ

ልጄ አክሊል፣ የካናዳው መንገድ ይቅናህ፤ እመቤቴ ከጭነት መኪናህ መሪ ላይ እጇን አታንሳ።

እኛ ደህና ነን። የእህትህ የሮዳስ ጉንፋን ለቋታል። ጀበል ሰፈር ያለው ምግብ ቤታችንም ጣሪያው እያፈሰሰ ይሠራል። እኔ ግን ደክሞኛል።

ምሳውን እኛ ጋ የሚበላውን ሹፌሩን ገብረየስን ታስታውሰዋለህ። ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ጭኖ ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ ሲገባ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። "ጓዳ ገብተህ ትንሽ ጋደም በል" አልኩት።

"እትዬ በዛብሽ፣ ባለመኪናው እየደጋገመ እየደወለ ነው። አራግፌ እተኛለሁ" ብሎኝ ወጣ።

ብዙም ሳይርቅ እንቅልፍ ጣለው። ተሳቢው ተገልብጦ ሰው የሚያመላልስ አንድ የቦዳ ሞተር ነጂ ገደለ፤ የገብረየስም እግር ተቆረጠ።

በማግስቱ ሾርባ ይዤለት ሆስፒታል ስሄድ የሟቹ እናት በር ላይ ተቀምጣ የልጇን አስከሬን ትጠብቃለች። ማንን ልጠይቅ እንደመጣሁ ሰምታ ኖሮ፣ "እናቱ ነሽ?" አለችኝ በዓረብኛ። አይደለሁም ማለት አቃተኝ።

"አዎ" አልኳት።

ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አስከሬኑ እስኪወጣ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ሾርባውም እዚያው በረደ።

ልጄ፣ ስትደውል ድምፅህ እንቅልፍ እንዳጣህ ይነግረኛል። ዓይንህ ሲከብድህ መኪናውን አቁመህ ተኛልኝ። ጭነቱ ቢዘገይ ይዘግይ፤ አለቃህም ቢቆጣ ይቆጣ። ያቺን እናት ካየሁ ወዲህ የምፈራው ላንተ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ለሚገጥምህ የሰው ልጅም ነው።

የድንግል ልጅ በሰላም ያውጣህ፣ በሰላም ያግባህ።

እናትህ በዛብሽ፣ ከጁባ