የማን አክስት ሞተች?

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እድር ስብሰባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግማሹ ንግግር አልተሰማም፤ ባይሰማም የቀረብን ነገር የለም። ያው የተከራዮች ጉዳይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ከባለቤቱ ተከራዩ በዝቷል። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ነጋዴው... ከየአገሩ የመጣ። እድር ይግቡ ወይስ አይግቡ?

ገመቹ በር ላይ ቆሞ ተናገረ። ከሉሲ ሱቅ ጀርባ የሚከራይ ባጃጅ ነጂ ነው። "እኛ ሰው ሲሞትብን የት እንሂድ? ሬሳ ይዘን ድንኳን እንለምን?" አለ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽብሩ ግን ፍንክች አላሉም። "ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አንዱን ተቀብለን፣ አባቱን ቀብረንለት፣ በወሩ የእድሩን ድስት ይዞ ጠፋ።" እውነት ነው። ድስቱን ያስረከብኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ አዲስ ደንብ ወጣ። ባዕድ ሰው ዘመዴ ነው ብሎ ያስቀበረ አባል ከእድሩ ይሰረዛል። እጄን አወጣሁ። ባሌ ታዲዮስ ሲሞት ጋሽ ሽብሩ በዝናብ ሳጥኑን ተሸክመው ሲሄዱ አይቻለሁ። እሳቸው ካሉ ልክ ይሆናል አልኩ። ደግሞስ እኔን ምን አገባኝ?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የብሌን እናት ከደብረ ማርቆስ መጡ። ለሕክምና። ብሌን የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ትሠራለች። ጥሩ ልጅ። በር ስትዘጋ እንኳ አይሰማም።

እናቷ ወይዘሮ ፀዳለ ይባላሉ። ኩላሊት ነው አሉ። ከመኪና ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ አጥንት ብቻ። እንዲህ ሆነው ለእኔ ብለው ሽሮ ተሸክመው መጥተዋል። እኔ ቆጮ በጎመን አቀረብኩ። ቀመስ አድርገው ከምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ጓሮ ያለውን እንሰት አሳየኋቸው።

"ሙዙን ፍሬ ሳይሰጥ ቆርጣችሁ ትበሉታላችሁ?" አሉ።

ሙዝ አይደለም ብል አላመኑኝም። ሳቅን። ብሌን እናቷ ሲስቁ ካየች ቆየት ብላ ነው መሰለኝ፣ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ውሃ የለም። መብራትም ይመጣል ይሄዳል። ወይዘሮ ፀዳለ አቮካዶው ሥር ወንበር አውጥተን አስቀመጥናቸው።

"ልጆችሽስ?"

"ሁለት። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ።"

"ታዲያ ማን ይቀብርሻል?"

ድፍረታቸው። የእኛ ሰው እንዲህ ፊት ለፊት አይጠይቅም። "እድሬ ነዋ" አልኩ።

"ደግ። እኔም ማርቆስ እድር አለኝ። ያልተቀመጥኩበት ለቅሶ፣ ያልጋገርኩበት ቤት የለም።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ምን ያደርጋል፣ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ።"

አይዞዎት፣ ድነው ይመለሳሉ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አረፉ። ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል።

ብሌንን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የእናቷን ጫማ በእጇ ይዛለች። አታለቅስም። "እትዬ፣ አሁን ምንድን ነው የሚደረገው?" አለችኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሰው ቀብራ አታውቅ። ማርቆስ ላሉት ዘመዶቿ ደውላለች። መንገዱ አያሳልፍም፣ ሬሳ ይዘሽ እንዳትነሺ ብለዋታል። ከሥራ ቦታዋ ሦስት ልጆች መጡ። እነሱም እንደሷ የሰው አገር ልጆች፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ቦታ አይከለክላትም። የሌለው ሰው ነው። ድንኳን የሚተክል፣ ሳጥን የሚሸከም፣ ከቀብር በኋላ አብሯት የሚቀመጥ።

ለጋሽ ሽብሩ ደወልኩ። ልለምናቸው ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። "ጥሩብርሃን፣ ደህና ነሽ?" ሲሉኝ አፌ "አክስቴ ሞተችብኝ" አለ። አፌ ነው ያለው። እኔ... አይ፣ እኔም ነኝ።

"የትኛዋ?"

"ማርቆስ ተድራ የነበረችው። ቄስ ነው የሚቀብራት።"

"እናንተ ጴንጤ፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናት እንዴ?"

"ባሏን ተከትላ።"

ውሸት ለብቻው አይቆምም፤ ሥር ሥሩ ድጋፍ ይፈልጋል። እሳቸው ግን "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ በይ ለፋፊውን እልካለሁ" ብለው ዘጉ። ደንቡን ያወጣነው በዚሁ ወር ነው። አውቃለሁ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ትናንት ቀበርናቸው። ማለዳ ለፋፊው "የወይዘሮ ጥሩብርሃን አክስት አርፈዋልና..." እያለ ሲዞር ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሳጥኑን እየተቀባበለ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። ገመቹም ባጃጁን አቁሞ ተሸከመ። እኔ ጥቁር ለብሼ ከብሌን ጎን። ሰው ሁሉ እኔን አቅፎ ያጽናናል፤ እሷን አለፍ እያለ ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል። በእሷ እናት እኔ ተጽናናሁ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። የአገሩን ልማድ እያወቅሁ! እድር ሲቀብር ለዘመድ መርዶ ይልካል። ጋሽ ሽብሩ ወናጎ ወንድሜ ሲራክ ዘንድ ሰው ልከዋል፤ የጥሩብርሃን አክስት ሞተች ብለው። እኛ ደግሞ ያለችን አክስት አንዲት ናት።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን እንደተቀመጥን ከወናጎ የመጣ ሚኒባስ ቆመ። ሲራክ ቀድሞ ወረደና ጆሮዬ ሥር "የማን አክስት ናት የሞተችው? መርዶ ሲመጣብኝ ማዶ ሮጬ ሄድኩ፤ ቁጭ ብላ እንሰት ትፍቃለች" አለኝ። ከኋላው መጀመሪያ ዱላዋ፣ ከዚያ እግሯ። አክስቴ ሸጊቱ። በታዲዮስ ለቅሶ ስንት ቀን እዚሁ የተቀመጠች፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት።

ጋሽ ሽብሩ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ሸጊቱ ሞተ ብሎ ሰው ቤቴ መጣ" አለች፣ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛዋ። "ማነው የሞተው? እኔ ልየው ብዬ መጣሁ።"

ጥግ ምንጣፍ ላይ ኩርምት ያለችውን ብሌንን አየቻት። ቆማ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እኔን።

"እህቴ ነው" አለች። "ታናሽ እህቴ ነው የሞተው።"

ሄዳ ብሌን ጎን ተቀመጠች። አንገቷን አቅፋ በጌዴኦኛ ማልቀስ ጀመረች። ብሌን አንድም ቃል አልገባትም፤ ጭንቅላቷን አሮጊቷ ጭን ላይ ጣለች። ልጅቷ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ጋሽ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ጋሽ ሽብሩ መጡ። ይግቡ ብል እምቢ አሉ፤ በር ላይ ቆመው ነው የነገሩኝ። "ሰው እያወራ ነው። እሑድ በስብሰባ እጠይቅሻለሁ። አክስትሽ እህቴ ናት ብዬ መጥቼ እምላለሁ ብለዋል። ከማሉ እኔም አልጨምር፣ እዘጋዋለሁ።" ሲሄዱ ጎንበስ ብለዋል። እርጅና ነው ወይስ እኔ?

ለሲራክ ደወልኩ። እውነት ነው፣ አክስቴ ልብሷን አጥባ እየጠበቀች ነው። መሐላ በእኛ አገር ጨዋታ አይደለም። የሐሰት መሐላ እስከ ልጅ ልጅ ይከተላል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ይሄን አንፈራም እንላለን። እኔ እፈራለሁ። እሷም ትፈራለች፣ ከእኔ በላይ። እና ለእኔ ብላ ልትምል።

ብናገር እድሬ ሄደ። ማን ይቀብረኛል? ሴትዮዋ የጠየቁኝን አሁን ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ተናገርኩ።

አክስቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስሟ ሳይጠራ ተነሣሁ። "የሞቱት አክስቴ አይደሉም። የተከራዬ እናት ናቸው። አክስቴን አታስምሏት።" አለቀ። ይህችን ለማለት ነው ሌሊቱን ስገላበጥ ያደርኩት።

ከዚያ ጫጫታ... "ለሰው ብላ ነው፣ ምን ክፉ አደረገች?" ባለሱቋ ሉሲ ናት። "ነገ ሁሉም አክስቴ እያለ ቢመጣስ?" "ደንቡን ስናወጣ እሷም ነበረች።" "ይቅርታ ትጠይቅና ይለፍ።" "ለአንዱ ከታለፈ ለሁሉም ይታለፍ!" ጋሽ ሽብሩ ተነሡ። "እኔ ብቻዬን ብሆን..." አልጨረሱትም። ትሰረዝ የሚል እጁን ያውጣ አሉ።

እጅ ወጣ። ብዙ። ባለፈው ወር የእኔም እጅ መሃላቸው ነበር፣ ማንን ልቀየም? ግን ተቀየምኩ። አልዋሽም፤ እንደ እሳት አቃጠለኝ።

መንገድ ላይ አክስቴ፣ "ለምን ተናገርክ? እኔ እኮ ልምል ነበር።"

"ለዚያ ነዋ።"

እጄን ይዛ እስከ ባጃጁ ሄደች።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ማለዳ ለፋፊው አለፈ። በእኔ በር አልቆመም። የእድሩ አባል የተክለብርሃን እናት መሞታቸውን ከጎረቤት በር ሰማሁ። ሄድኩ። እንዴት አልሄድም? ድስት ላነሳ ስል "እርስዎ ይቀመጡ" አሉኝ፣ በአክብሮት። ከእንግዶች ጋር ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ያጠብኩትን ድስት ሌላዋ ስታጥበው አየሁ። ቂጡን አላሸችውም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ልጄ ከሐዋሳ ደወለ። ሰምቷል። "እማዬ፣ ለማታውቂያት ሴት?" አውቃታለሁ አልኩት። "አሥር ቀን ብቻ ላወቅሻት!" አለ። ወደ እኛ ነይ ይላል። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እዚያ ሬሳ በደረጃ ነው የሚያወርዱት? ምን ነካኝ፣ ከሞት ሌላ ማሰብ አቃተኝ።

ብሌንም ቤት ልልቀቅ ብላ መጣች። "በእኔ ምክንያት ነው እትዬ፣ ዓይንዎትን ማየት አልቻልኩም።" አርፈሽ ተቀመጪ አልኳት። ተቆጣሁ መሰለኝ። ከሄደች ግቢው ውስጥ ማን ቀረ?

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ገመቹ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። ከብሌን ጋር። ተከራዮቹ የራሳቸውን እድር ሊያቋቁሙ ነው። የሚሰበሰቡበት ግን የላቸውም።

"እኛ ግቢ የለንም ማዘር። እርስዎ ይፍቀዱልን።"

"እኔ እኮ ባለቤት ነኝ" አልኩት።

"ባለቤት ኖት። እድር ግን የሎትም።"

አመመኝ። ግን ምኑ ሐሰት ነው? ይሁን አልኩ።

ግቢው ሞላ። እኔ ደጃፌ ላይ ቡና እየለቀምኩ አዳምጣለሁ። ክርክሩ ከእኛም ይብሳል። ስንት ዘመድ ይቀበርለታል? እናት፣ አባት፣ እህት... እንዲህ ሲሉ ሳምራ የምትባል ተማሪ ተነሣች። "የእኔ ቤተሰብ ሁሉ ጅማ ነው፣ እዚያ ይቀበራል። እዚህ ታምሜ ስተኛ ያስታመመችኝ የዶርም ልጅ ናት። ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። እሷ ብትሞትብኝ ምኔ ናት ልበል?" ሲጨቃጨቁ ውለው በመጨረሻ "ዘመድ" የሚለውን ቃል ከደንቡ አወጡት። አባል የሆነ ሰው ለቅሶ የሚቀመጥለትን ሰው ስም ያስይዛል። በቃ። "ውሸት እንዳያስፈልግ ነው" አለ ገመቹ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

እንዲህ ያለ ደንብ የትም አይደርስም ብዬ አሰብኩ።

ጥር 4፣ እሑድ

ዛሬ ስም ተያዘ። ገመቹ አቮካዶው ሥር ተቀምጦ ይጽፋል፣ ሰው ይሰለፋል። ብሌን ተራዋ ሲደርስ "ማንን ላስይዝልሽ?" አላት።

"እትዬን" አለች። "ወይዘሮ ጥሩብርሃንን።"

እንደ ቀላል ነገር። ከእጄ ላይ ሰፌዱን አስቀመጥኩት። አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ፣ ነጠላዬን እንኳ ፊቴ ላይ ሳልስብ። ስንት ወር የተሸከምኩት ነገር ከደረቴ ወረደ። ማንም አይዞሽ አላለኝም፤ ጥሩ አደረጉ።

ከዚያ ገመቹ "እርስዎስ ማዘር? አይገቡም?" አለኝ። ተሰለፍኩ። ለመሰለፍስ ማን ብሎኝ።

ልጆቼን አስያዝኩ። አክስቴ ሸጊቱን። ሲራክን። ብሌንን።

"ሌላ?"

"ጋሽ ሽብሩን።"

ብዕሩን አቆመ። "ማዘር፣ እሳቸው እኮ የራሳቸው እድር አላቸው። ደግሞ እርስዎን..."

"የምቀመጥለትን አይደል የጠየቅከኝ?"

አየኝ። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ።