አልቦ ሲባዛ

ጥር 1 ቀን 1930

እሑድ። ገብሱ ተወቅቶ አለቀ። የኔታ ገብረ ኪዳን ጣልያን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከሰፈረ ወዲህ ዲማ ገዳም ናቸው። ስለዚህ የዘንድሮን ጾም የማስላት ነገር በተማሪያቸው በእኔ ላይ ወደቀ። ከቅዳሴ በኋላ ተናገርኩ፤ ነነዌ ጥር 23፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 7። ትንሽ ሳልኮራም አልቀረሁ።

ጥር 2

ቤቱ ጭር ብሏል። የእህቴ የሽታዬ እጮኛ ፈንታ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። ለሠርጉ መምጣት የምችለው የካቲት 13 ብቻ ነው ብሎ ልኳል። አባቴ፣ "በጾም ሠርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን" አሉ። ከፋሲካ በኋላ... እስከዚያ ማን ያውቃል? ሽታዬ እንዳልሰማች ሆና እህል ታበጥራለች። ምን ላድርግ? ቁጥር አይለመን።

ጥር 5

ሽታዬ፣ "እስቲ እንዴት እንደቆጠርኸው ንገረኝ" አለች። ነገርኳት። ወንበር የሚባለው ቁጥር በአሥራ ዘጠኝ ይባዛል፤ የጾሙ ቀን ከዚያ ይወጣል። ዘንድሮ ወንበሩ አልቦ ነው፣ ባዶ። ማባዛት ከግእዙ በዝኀ የመጣ ነው፤ በዛ ማለት። የሚያበዛው ካጣ አሥራ ዘጠኙ ባለበት ይቀራል አልኳት።

"በምንም አባዝተህ አሥራ ዘጠኝ? ከየት መጣ?"

ተቆጣኋት። ፊደል ያልቆጠረች... ግን ከየት መጣ?

ጥር 8

ዲማ ገባሁ። እግሬ አብጧል። የኔታ ስሌቴን ሰምተው ሳቁብኝ።

"ስም አውጪዎቹ ሲበዛ አይተው ነው ማባዛት ያሉት። ሥራው ግን ስንት ጊዜ ብሎ መጠየቅ ነው። ከአውድማ አሥራ ዘጠኝ ቁና ስንት ጊዜ አመላለስህ? አንድም ጊዜ ካልሄድህ ጎተራህ ምን አለው?"

"ምንም፣ የኔታ።"

"አልቦ ሲወጣ ደግሞ የወሩን ሠላሳ ቀን ሙሉ ትይዛለህ። ረሳኸው?"

ረስቼው ነበር። በአሥራ ዘጠኙ ቦታ ሠላሳ አድርጌ ስቆጥር፣ ነነዌ የካቲት 7፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 21! የካቲት 13 ነጻ ነው።

ጥር 15

በሕዝቡ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ "ፋሲካን ሁለት ሳምንት አስቀድመህ በሰሙነ ሕማማት ሥጋ ልታስበላን!" ብለው ጮኹ። ፊቴ እሳት ሆነ። አባቴ ለሠርጉ ጠላ ጌሾ ሊገዙ ሄዱ።

የካቲት 16

ሠርጉ አለፈ። ፈንታ ሦስት ቀን ሰንብቶ ተመለሰ። ሽታዬ እስከ ወንዙ ሸኘችው።

ሚያዝያ 20

ፈንታ ለሆሳዕና ዋዜማ ወድቋል። መርዶው የመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ለቅሶ ቤት ዋልን። እናቱ ሽታዬን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ለሚገባው ሁሉ "የልጄ ሚስት ናት" ይላሉ። እጮኛ ብቻ ብትሆን ከጎረቤት ጋር በር ላይ ነበር የምትቆም። ከወንዶቹ መሀል ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።