ለኢህሳን ያልነገርኳት ሦስት ሴንቲ ተኩል

ውድ ሲስተር ስንቅነሽ፣

ሂያም ነኝ። ሰመራ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ «ጠንቋይ» ብላ የሰደበችሽ። እንደዛ ያለሽ ሰው ከበዛ ደግሞ ቀጭኗ፣ የኢህሳን እህት። በአንቱታ ልጽፍልሽ ነበር፤ ከዛ ሁሉ ስድብ በኋላ ሹፈት መሰለብኝና ተውኩት። ስልክሽን ፈልጌ ማግኘት አያቅተኝም፣ ግን እኔ ስልክ ላይ እጮሃለሁ። ወረቀት ላይ ብጮህ ቢያንስ አትሰሚኝም።

አሁን አዋሽ ነን፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ እናታችን ቤት። ኢህሳንን እዚህ አምጥተን እያረስናት ነው። ልጁ ደህና ነው አልሐምዱሊላህ፤ ይጠባል፣ ይጮሃል፣ በጩኸቱ አክስቱን ወጣ ይሉታል። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ይሄን ስጽፍ እንኳን ሦስቴ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ቀኗ ካለፈ አሥር ቀን ሆኗት ነበር፣ ምጥ የሚባል የለም። ባሏ ኢስማኢል መኪናውን ይዞ ጅቡቲ ነው፤ አስታማሚዋ እኔ ብቻ። ዶክተሩ በዛ በታች በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ አያት። እሷ መጋረጃው ጀርባ ልብሷን ስትለብስ «አስታማሚ ማነው?» አለ።

«እኔ።»

«ትልቅ ሰው የለም?»

«እኔ በምን አነስኩ?»

ሳቀና ነገረኝ። የማህፀኗ በር ገና ረጅም ነው፣ ሦስት ሴንቲ ተኩል። የልጁም ፊት የዞረው ወደ ሆዷ ነው። ምጥ ማምጫውን መድኃኒት ብንሰጣት፣ እንደሷ ካሉ አሥር ሴቶች ምናልባት አራቱ በምጥ ይወልዳሉ፤ የሌሎቹ መጨረሻ ኦፕራሲዮን ነው። መሞከርም ይቻላል፣ በቀጥታ ኦፕራሲዮን መግባትም ይቻላል፣ ምርጫው የሷ ነው። «ንገሪያትና ተማከሩ፣ እመለሳለሁ» ሲል ከሌላ ክፍል ጠሩት።

ኢህሳን ወጣች። «ምን አለ?»

«ምጥ ማምጫው ይሠራል አለ» አልኳት።

ወላሂ አስቤበት አይደለም። ዶክተሩ «ከአሥር አራት» ሲል እኔ የሰማሁት የሒሳብ አስተማሪያችን የባንተይርጋን ድምፅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የፈተና ወረቀቴን ከፍ አድርጎ «አራት ከአሥር! ይቺ ማትሪክ አታልፍም፣ ከአሁኑ ጻፉልኝ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ዳስተሩን ወርውሬበት ወጣሁ፣ በዛው ቀረሁ። ከዛ ወዲህ ያልሞከረን ሰው ትወድቃለህ የሚል ሁሉ ጠላቴ ነው፣ ማሽንም ቢሆን።

ከዛ አንቺ ግሉኮሱን ይዘሽ መጣሽ። «ኢህሳንዬ፣ አልትራሳውንዱ ያሳየውን ነግረውሻል?» ብለሽ አንድ በአንድ አስረዳሻት። ውሸቴን ዓይኔ እያየ አፈረስሽው። በቃ ፈላሁ። «አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ ጠንቋይ? ገና ሳትሞክሪ ታሟርቺባታለሽ?» ሌላውን አልደግመውም። የጎን አልጋዋ ሴትዮ እንኳን «ኧረ አንቺ ልጅ፣ እህትሽ እኮ እጇ ላይ ናት!» አለችኝ። አንቺ ኢህሳንን ብቻ ታያታለሽ። እሷ ደግሞ ምን አለችሽ?

«ሲስተር፣ ሂያም አትዋሸኝም። ጀምሩልኝ።»

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምጡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በሩ ንቅንቅ የለም። ኮሪደሩን ስመላለስበት ጥበቃው «በዚህ አካሄድሽ ጅቡቲ ደርሰሽ ትመለሺ ነበር እኮ» አለኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ የልጁ የልብ ምት ወረደ። እየዘገየ ሲሄድ በጆሮዬ ሰማሁት። አንቺ አልጮህሽም። «እንሂድ» ብቻ አልሽ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ተከፍቶ ነበር። ሰመመን ሰጪው ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል፣ ደሙ ተዘጋጅቷል።

«እንዴት እንዲህ ፈጠኑ?» አልኳት የጽዳቷን ሴትዮ።

«ምን ፍጥነት አለው፣ ስንቅነሽ ከጠዋት ጀምራ ማንም እንዳይርቅ ብላን! ምሳ እንኳን በተራ ነው የበላነው።»

ሲስተር፣ ባንተይርጋ አራት ከአሥር ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። አንቺ በዛችው ቁጥር ስትዘጋጂ ዋልሽ። ስትወጪ «ነግሬሽ አልነበር?» እንድትዪኝ ጠበቅኩ። መልስም ነበረኝ፣ የሚያቃጥል መልስ። «ምሳ በላሽ?» አልሽኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል?

ጉዱ የመጣው አዋሽ ከገባን በኋላ ነው። ኢህሳን ለሚጠይቃት ሁሉ «ዶክተሩ ይሠራል ብሎ ነበር፤ ያቺ ሲስተር ሂያም ስለሰደበቻት ቂም ይዛ መድኃኒቱን አሳንሳ ሰጠችኝ» ትላለች። ሰዉም ያምናታል። ትናንት ጎረቤታችን አፍናን ሰምታ «እኔ ሐኪም ቤት ደጅ አልረግጥም፣ እዚሁ ቤቴ እወልዳለሁ» አለች። የመጀመሪያዋ ነው፣ አንድ ሳምንት ነው የቀራት፣ እግሯም አባብጧል።

«አብደሻል? ሂጂ!» ብዬ ጮህኩባት።

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ጠንቋይ ናት ያልሻት?»

ያኔ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ የፈለግኩት።

ኢህሳን ተኝታለች። ስትነቃ ይሄን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ። ብትጮህብኝ እችለዋለሁ፣ የምፈራው ዝም ብትለኝ ነው። ከዛ አፍናንን ራሷ ጠርታ ትንገራት፤ ከኔ አፍ አታምንም፣ እውነቷን ነው። ዑመር ሹፌሩ ነገ ጠዋት በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ሰመራ ይገባል። ደብዳቤውን የምሰጠው ለኢህሳን ካነበብኩላት ብቻ ነው። ካልደፈርኩ እቀደዋለሁ። ስለዚህ ሲስተር፣ ይሄ ወረቀት እጅሽ ላይ ካለ ኢህሳን እውነቱን አውቃለች ማለት ነው።

ይቅርታ። ስጽፋት አጭር ሆነችብኝ፣ ግን ሌላ ቃል የለኝም።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ፣ እሷም ተገላበጠች። ልሂድ።

ያቺው አፈኛ፣
ሂያም