የማንቆርቆሪያው እጀታ

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ይለግማል።

እስካሁን የደበቅሁሽ ነገር አለ። አባትሽ ባረፈ ማግስት ቤቱን ለለቀስተኛ ሳሰናዳ፣ መደርደሪያሽ ላይ የነበረውን የሸክላ ጭቃ ቆሻሻ መስሎኝ ውኃ ውስጥ ነክሬ ፈተግሁት። ለካ ለምትነድፊው ማንቆርቆሪያ እጀታ ብለሽ አባትሽን ያስጨበጥሽው ኖሯል! የጣቶቹ ምልክት እጄ ላይ ሟሟ። ልነግርሽ ፈርቼ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ።

ትናንት ከፋብሪካ የወጣው ማንቆርቆሪያሽ ደረሰኝ። እጀታውን ብይዘው ሰፋኝ። የእሱ እጅ ነዋ! ለካ እኔ ጭቃውን ሳላጥበው በፊት ልኩን ወስደሽው ኖሯል። ውኃ እንኳ ሳልጨምርበት ጨብጬው ዋልኩ።

እጅሽን ይባርክልኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አለቆችሽ አሻሽዪው ቢሉሽ፣ ክዳኑንም ቀለሙንም ቀይሪላቸው፤ እጀታውን ግን አትንኪብኝ።

እናትሽ