በሶደሬ የሳቅሽ ቀን

እማዬ፣ እናት ዓለሜ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ያለሽበትን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እስከዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ደግ ወሬ ስላልነበረኝ ነው። አሁን ግን አለኝ! ገና ከደጅ መግባቴ ነው፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የሚያፈስብን ጣራ ተደፍኗል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ወንድሟን ልካ ነው ያስደፈነችልን። ስኳር ዛሬም በቀበሌ ነው፣ ሰልፉም ያው ነው። የአዳማ ንፋስም አመሉን አልተወም፤ የከተማውን አቧራ ሰብስቦ እኛ ቤት ያራግፈዋል። ትንሿ ልጅሽ ትዕግስት ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ሊደርስ ነው። ያስጨነቀችኝም እሷው ነበረች።

ለቀብርሽ የመጡ ሴቶች፣ ልጅቷ አጠገባቸው መሆኗን ሳያስተውሉ፣ እግዜር በዚህ ቤት ላይ ምን ቢቆጣ ነው፣ አባትየውን በጦርነት እናትየውን በበሽታ የወሰደው እያሉ ሲያወሩ ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባት እንኳ በጋሪዎቹ መሃል አቋርጣ በማዶ ትሮጣለች። ማታ አማትቢ ስላት እጇን ብብቷ ውስጥ ትደብቃለች። ካየኝ እኔንም ይወስደኛል ባይ ነች። ትምህርት ቤት እግዚአብሔር የሚባል የለም ይሏታል፤ እሷ ግን መኖሩን አልተጠራጠረችም፣ የሚጠላን ነው የሚመስላት። አባበልኳት፣ ተቆጣኋት፣ ቄሱን ቤት ድረስ አመጣሁላት፤ ወይ ፍንክች። እማዬ፣ ልጅሽ እንዲህ እንደፈራች ልታድግብኝ ነው ብዬ ስንቴ እንዳለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ጸጉሯን ስሠራት ድንገት፣ እማዬ ስቃ ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለካ እሷ የምታስታውሰው የታመመችዋን አንቺን ብቻ ነው። አፌ ላይ ምን እንደመጣ ታውቂያለሽ? ሶደሬ!

የአባባ ወሬ ከምሥራቅ ግንባር ከጠፋ በኋላ ነበር። ጥርስሽ ከታየ ሰንብቶ ነበር። ጉልበትሽን እየቆረጠመሽ ስትቸገሪ እትዬ ዘሃራ የሶደሬ ውሃ ያድናል አለችሽ፤ አንቺም የሚያድን ውሃ ከሆነማ ጸበል ነው ብለሽ ደመደምሽ። ለሕክምና ነው ብለሽ ከቀበሌው የእሁድ ስብሰባ አስፈቀድሽ። ሊቀመንበሩም ፍል ውሃ ሳይንስ ያረጋገጠው ነገር ነው ብሎ በደስታ ፈቀደልሽ። ትዕግስት ጡት የጣለችበት ሰሞን ስለነበር እትዬ ዘሃራ ጋ ቀረች። እኔን ግን ከማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀምስ አዘዝሽኝ። አውቶብስ ውስጥ ሳይቀር ስትመክሪኝ ሄድሽ፤ ጸበል ቦታ አይወራም፣ አይሳቅም፣ ሰው ቢጮህም እንዳትፈሪ አልሽኝ። በሩ ላይ ጫማችንን አወለቅን። ጠጠሩ እግሬን ሲለበልበኝ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ገባን። ድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ይለቃል፣ ቦርጫም ወንዶች በቁምጣ ይንጎራደዳሉ፣ ልጆች በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ይንሳፈፋሉ። አንቺ ግን ዓይንሽን መሬት ላይ ተክለሽ የሚያጠምቀውን አባት ትፈልጊያለሽ። ነጭ የለበሰ ሸምገል ያለ የገንዳ ጠባቂ አገኘሽና ዝቅ ብለሽ ይባርኩኝ አልሽው። ሰውዬው ግራ ቢገባውም ባርኩኝ ያለን ሰው ማሳፈር አልሆነለትም። እጁን ዘርግቶ በኦሮምኛ «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብሎ እግዜር ይባርክሽ አለሽ። አሜን ብለሽ፣ ነጠላሽን መስቀለኛ እንዳጣፋሽ፣ ከነቀሚስሽ ገንዳው ውስጥ ገባሽ!

ቀሚስሽ እንደ ድንኳን ተነፋ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ አባታችን ሆይን ጀመርሽ። ዓይንሽን ስትገልጪ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቢራውን እንደያዘ ከጎንሽ ብቅ አለና አንገቱን ሰበር አድርጎ እንኳን ደህና መጡ እትዬ አለሽ። እሱን አየሽው፣ ቢራውን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ። ሳቅሽ። እማዬ፣ እንዴት አድርጌ ልጻፈው! የገንዳውን ጠርዝ ይዘሽ፣ እንባሽ እየወረደ፣ ትንፋሽ እስኪያጥርሽ ሳቅሽ። ሰውዬውም ሳቀ፣ ጠባቂውም ሳቀ። እኔንም ጎትተሽ አስገባሽኝና ውሃ እየረጨሽኝ እንዲህ አልሽ፦

«ሂሩትዬ፣ እግዜር አይቶኛል እኮ። ይሄኔ እየሳቀ ነው።»

ለጾም መግደፊያ የያዝነውን ዳቦ ጦጣ መንትፋን ዛፍ ላይ ቁጭ ብላ ስትበላውም ሳቅሽ። ጉልበትሽ እንደሆነ በማግስቱም ያው ነበር።

ይህን ስነግራት ትዕግስት በሳቅ ስትፈርስ ግማሽ የተሠራ ጸጉሯን ከእጄ አስለቀቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ እውነት ያኔ እግዜር ደስ ብሎት ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እማዬ፣ ልጅ ለማባበል አልነበረም፤ ቃሉ ካፌ ሲወጣ እኔው ራሴ አየሁት! ያን ሁሉ ጊዜ የሶደሬን ነገር እንደ አስቂኝ ስህተት ብቻ ነበር የያዝኩት። ለካ አገሩ በጦርነት ሲታመስ፣ የእኛም ቤት አባወራውን አጥቶ ሲጨልም፣ እግዚአብሔር አንቺን ከነቀሚስሽ ውሃ ውስጥ ስትስቂ አይቶ ደስ ብሎታል። ደስ ብሎት ነው ያን ቀን የሰጠን። የተቆጣ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ለማንም አይሰጥም። ይህን ሳስበው ተነስቼ መዝለል ያምረኛል።

ዛሬ ጠዋት ትዕግስት ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ ቀድማኝ በር ላይ ቆመች። ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ እጄን ጭብጥ አደረገችኝ። ግን አልሮጠችም። ደጁን ሳመች፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ማንሾካሾክ ጀመረች። ጠጋ ብዬ ሰማኋት።

«እግዚአብሔር ሆይ፣ እማዬ ስትስቅ እኔ አላየሁም። አንተ ግን አይተሃል። እንዳትረሳው።»

እሱ እንደማይረሳው ዋስ ሆኜላታለሁ፣ እማዬ። እኔም በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም፤ እሷ ያላየችውን፣ ያየችው እስኪመስላት ድረስ እየደጋገምኩ እነግራታለሁ።

ያንቺው ሂሩት